ሁለቱ ዲናር
(በኢዮቤልዩ በዓላችን ላይ ከተደረገ ንግግር)



እኔ ሰባኪ አይደለሁም፤ እዚሁ ናይሮቢ ኢስሊ ውስጥ በርበሬና ሽሮ የምሸጥ ባለሱቅ ነኝ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ያለውን የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ የእንግዶች ማደሪያው ጠባቂ ነው። ሳምራዊው የሰጠው ሁለት ዲናር ብቻ ነው። በማቴዎስ ምዕራፍ 20 እንደምናነበው አንድ ዲናር የሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ነበር። የቀረውን ስመለስ እከፍላለሁ አለው። በእኛ ቋንቋ ዱቤ ማለት ነው! ያ ሰው ዱቤውን እምቢ ቢል ኖሮ ቁስለኛው የት ይወድቅ ነበር?

ይህን የማነሣው በራሴ ስለ ደረሰ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመሄድ የተነሣ አንድ ልጅ፣ ደላላው ጥሎት፣ ትኩሳት ይዞት ሱቄ በር ላይ ቆመ። «ጋሼ፣ ለዛሬ ሌሊት ብቻ ያሳድሩኝ» አለኝ። ወረቀት የለውም፤ ፖሊስ ፈራሁ። ዳቦና ሻይ ሰጥቼ «ነገ ና» አልኩት። አልመጣም። ሳምንት ሙሉ ፈለግሁት። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች።

ከዚያ ወዲህ በዱቤ ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ የሰው ስም የለም፤ «እንግዳ» ብቻ ይላል። ደንበኞቼም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ 50ም 100ም ሺሊንግ እየከፈሉ ያቃልሉታል። ለመኝታ፣ ለመድኃኒት፣ አንዳንዴም አገሩ መመለስ ለሚፈልግ የአውቶቡስ መሳፈሪያ ይሆናል። ደብተሩ ባንኮኒው ላይ ነው፤ ሱቁም እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ክፍት ነው።