የግድግዳ መብራት ለጌጥ ወይስ ለእግር?

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዕድር በተሰበሰበበት ስለ መብራት ማውራትን ምን አመጣው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን ሩቅ አይደለም። አንድ አባት በሌሊት ተነሥተው ወደ መጸዳጃ ሲሄዱ ደፍ አደናቅፏቸው ቢወድቁ፣ ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ ቢውሉ፣ ጠያቂው ማን ነው? ከዚያ የከፋው ቢመጣስ ድንኳን የሚተክለው ማን ነው? እኛው ነን። ታዲያ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ከድንኳኑ በፊት ስለ አምፖሉ ብንነጋገር ምን ይከፋል?

ዛሬ የማነሣው ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀል መብራት ነው። አብዛኛው ቤታችን ከኮርኒስ መሐል በሚንጠለጠል አንድ አምፖል ይበራል። የግድግዳ መብራት የሚገዛው ሳሎን ሲታደስ፣ ያውም ለጌጥ ነው። ከሶፋው በላይ ግራና ቀኝ ይሰቀላል፤ በዓል ሲሆንና እንግዳ ሲመጣ ይበራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስታውሰው የለም። በጌጥ ላይ ጥል የለኝም። ነገር ግን ገንዘብ ከወጣ አይቀር፣ አስቀድሞ እግር በጨለማ የሚረግጥበት ቦታ ይብራ እላለሁ።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ዕድሜ በገፋ ቁጥር የዓይን ብሌን ይጠባል፣ ውስጡም ይደበዝዛል። የ60 ዓመት ሰው ዓይን ወደ ውስጥ የሚያስገባው ብርሃን 20 ዓመት የሆነው ወጣት ከሚያስገባው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ልጆቻችን «ይህ ቤት እኮ በቂ ብርሃን አለው» ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ እናታቸው «አይታየኝም» ሲሉም እውነታቸውን ነው።

አሁን ወደ አቀማመጡ ልግባ። በሳሎን የመብራቱ መካከል ከወለሉ ከ1 ሜትር ከ60 እስከ 1 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። ዋናው ነገር ግን ሜትሩ ሳይሆን ዓይናችን ነው፤ የተቀመጠም ሆነ የቆመ ሰው ራቁቱን አምፖል ማየት የለበትም። ይህን ለመፈተን ቀላል ዘዴ አለ። ግድግዳው ከመበሳቱ በፊት አንድ ልጅ የስልኩን መብራት እዚያው ቦታ ላይ ይያዝ፤ እናንተ አንዴ ተቀመጡ፣ አንዴ ቁሙ። ዓይናችሁን ከወጋችሁ ቦታው ይለወጥ፣ ወይም ሽፋን ያለው መብራት ይመረጥ።

ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ባለው መንገድ ደግሞ ከወለሉ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ወደ ታች የሚያበራ ትንሽ መብራት ይበቃል። 1 ወይም 2 ዋት ቢሆን እንኳ ደፉን ያሳያል፣ የተኛውንም አይቀሰቅስም። ኮሪደሩ ጠባብ ከሆነ ትከሻ እንዳይመታው ከግድግዳው ብዙ የማይወጣ ዓይነት ይፈለግ። ደረጃ ላለበት ቤት ከላይም ከታችም የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ ማድረግ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። የመኝታ ቤቱም ማብሪያ ከአልጋ ሳይነሡ እጅ የሚደርስበት ይሁን፤ በዳበሳ ተሂዶ የሚበራ መብራት ምን ይረባል?

መስተዋት ፊት መብራቱን ከላይ ብቻ ከማድረግ ይልቅ ግራና ቀኝ በፊት ቁመት ልክ ማድረግ ይሻላል። ከላይ የመጣ ብርሃን ከዓይንና ከአገጭ ሥር ጥላ ይጥላል፤ ጢም የሚላጭ ሰው ያውቀዋል። ሻወር ባለበት ክፍል ከሻወሩ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ላዩም ላይ አይፒ 44 ወይም ከዚያ በላይ የሚል ምልክት ያለው፣ ውኃ የማያስገባ ይሁን።

ስለ አምፖሉም አንድ ነገር ልበል። የቀድሞው ባለ 60 ዋት አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል። ተመሳሳይ ብርሃን የሚሰጠው ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ግን 1 ነጥብ 35 ብቻ ነው። ካርቶኑ ላይ 2700 ወይም 3000 ኬልቪን የሚለው ሞቅ ያለ ብርሃን ለመኝታ ቤትና ለሳሎን ይስማማል፤ 6500 የሚለው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነውና ለመኝታ አይመከርም።

ከሁሉ በላይ ግን ስለ አደጋው አደራ እላለሁ። የኮርኒስ መብራት ሩቅ ነው፤ የግድግዳው ግን ሕፃን እንኳ ወንበር ላይ ወጥቶ ይነካዋል። በመሆኑም ሦስት ነገር ባለሙያውን ጠይቁ። አንደኛ፣ ማብሪያው የሚቆርጠው ኃይል ያለበትን ሽቦ ነው ወይ? ሌላውን ሽቦ የሚቆርጥ ከሆነ መብራቱ ቢጠፋም ውስጡ 220 ቮልት እንዳለ ነው። ሁለተኛ፣ የመብራቱ አካል ብረት ከሆነ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው የመሬት ሽቦ ታስሮለታል ወይ? ሦስተኛ፣ መስመሩ ከምጣዱ ተለይቷል ወይ? 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ ብቻውን ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ አንድ መስመር ላይ ከሆኑ ብሬከሩ ሲወድቅ ቤቱ አብሮ ይጨልማል።

ግድግዳውም ይታወቅ። በጭቃ ቤት መብራቱ በምርጊቱ ላይ ሳይሆን በቋሚው እንጨት ላይ ይታሰር፤ ምርጊት ክብደት አይችልም፣ ጭዱና እንጨቱም እሳት ይወዳሉ። ስለዚህ ብዙ የማይሞቅ አምፖልና በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ያለፈ ገመድ ያስፈልገዋል። በብሎኬት ወይም በኮንዶሚኒየም ቤት ደግሞ ሽቦው ግድግዳው ውስጥ ተቀብሯል፤ ከማብሪያና ከሶኬት ቀጥታ ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ጎን ባለው መስመር ላይ ትራፓኖ አታሳርፉ። ሥራ ሲጀመር ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም፤ ብሬከሩ ይውረድ። መብራት ሄዷል ብሎ መጀመርም አይገባም፤ ሳይታሰብ ይመጣልና።

የተከበራችሁ አባላት፤ የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ውስጥ ከአልጋ እስከ መጸዳጃ፣ ከዚያም እስከ በር ሂዱ። እጃችሁ ግድግዳ የሚዳብስበት ቦታ ካለ፣ መብራቱ የሚያስፈልገው እዚያ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን አባላት ዘንድ ደግሞ የሰፈራችን ወጣቶች ሄደው ይህንኑ ይመልከቱላቸው። ከመካከላችን የኤሌክትሪክ ሙያ ያላችሁም አንድ ቅዳሜ ብትሰጡን፣ ዕድራችን ለአምፖልና ለገመድ የሚሆን መጠነኛ ገንዘብ እንዲመድብ ለጉባኤው ሐሳብ አቀርባለሁ።