ማሳው የማን ነው?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ደብረ ታቦር የቀረበ ንግግር)



የቁጠባውን ሂሳብ ገንዘብ ያዣችን ትነግራችኋለች። እኔ የምናገረው ቢሯችን ውስጥ ስለተሰቀለው ሥዕል ነው። ታውቁታላችሁ፤ አንድ ገበሬ ጥንድ በሬ ጠምዶ ያርሳል፤ ከኋላው ተራራና በዛፍ የተከበበ ቤተ ክርስቲያን ይታያል። ከዳር ደግሞ፣ ክፈፉ ሊቆርጣት ምንም ሳይቀረው፣ አገልግል የያዘች ሴት ቆማለች።

ባለፈው አንድ እንግዳችን አይተውት «ምሳ ያመጣችለት ሚስቱ ናት?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ማታ ግን ነገሩ ከነከነኝ።

የድሮ ሠዓሊዎቻችን ማዕረግን በግልጽ ያሳዩ ነበር። በግብር ሥዕል ላይ መኳንንቱ ከላይ ገዝፈው ይቀመጣሉ፤ ጠጅ ቀጂዋና እንጀራ ተሸካሚዋ ከታች አንሰው ይሳላሉ። ጠጁና ሥጋው ከየትኛው ገባር ማሳ እንደመጣ ግን አይታይም። የእኛው ሥዕል የተገላቢጦሽ ነው፤ መሬት ሞልቶታል፣ ጌታ የለበትም።

ደረጃ የለበትም ማለት ግን አይደለም። በሬዎቹን ተመልከቱ። ጥንድ በሬ ያለው በእኛ አገር ደህና ሰው ነው። አንድ ያለው ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ ምንም የሌለው መሬቱን ለእኩል ይሰጣል። ተራራውንም ተመልከቱ፤ እኔ ጉና ነው እላለሁ። ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚቆመው ከጉና ሥር ዳገት እየቧጠጠ ገብስና ድንች የሚያመርተውና ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ የሚያጭደው ሁለቱም «ገበሬ» ይባላሉ፤ ኑሯቸው ግን ለየቅል ነው። ሠዓሊው ዳገቱን በአረንጓዴ ቀለም አለስልሶ አልፎታል። ድንጋዩን ማን ይልቀመው?

ወደ ሴትዮዋ ልመለስ። በክልላችን ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ ያለበት የመሬት ይዞታ ደብተር ይሰጣል። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ባላችሁ ሞቶ ወይም ተፋታችሁ፣ ደብተሩ በስማችሁ ብቻ የሆነ አላችሁ። በሬ የላችሁም። ሴት እርፍ ብትጨብጥ ነውር ነው ሲባል ነው ያደግነው። ስለዚህ ለእኩል አራሽ ትሰጣላችሁ፤ እሱም የራሱን አርሶ ሲጨርስ ይመጣል። ዘሩ ይዘገያል፣ ምርቱ ያንሳል፣ ካነሰውም ግማሹ የእሱ ነው።

እንግዲህ ያቺ ሴት ባለ መሬቷ ብትሆንስ? ምሳውን ያመጣችው አራሹ እንዳይቀየማት ቢሆንስ?

ከሰዓት የምንወያይበት የበሬ መግዣ ብድር የመጣው ከዚህ ነው። ሁለት ሴቶች አንድ አንድ በሬ ቢገዙ ተቀናጅተው በጊዜ ያሳርሳሉ፤ ለአራሹ የቀን ሂሳቡን ይከፍላሉ፣ ምርቱን አያካፍሉም። የድርቆሹንና የእረኛውን ወጪ ግን አስቡበት፤ እኔ አሁንም አልጠራልኝም።

ለእንግዳችንም ደብዳቤ ጽፌላቸዋለሁ፤ ያን ቀን «አዎ» ያልኩት ቸኩዬ ነው ብዬ።