የኢዮብ ወዳጆች መልስ፦ የመከራ ምክንያት በክርስትና አስተምህሮ ታሪክ

ንጹሕ ሰው ለምን ይሠቃያል የሚለው ጥያቄ በክርስትና ውስጥ አንድ ወጥ መልስ አግኝቶ አያውቅም። እግዚአብሔር ቸር ነው፣ ሁሉንም ይችላል የሚለው እምነት መከራ በጻድቁም ላይ ከመድረሱ ጋር መታረቅ ይኖርበታል። ከሁሉ የሚቀልለው መልስ “በደል ቢኖርበት ነው” የሚለው ነው። የኢዮብ ወዳጆች ያቀረቡት ይህንኑ ነበር፤ መጽሐፈ ኢዮብ ግን ንግግራቸውን ይነቅፋል፤ ለኢዮብም የመከራውን ምክንያት አይነግረውም። በዮሐንስ ወንጌል 9ኛ ምዕራፍም ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ችግር ከእርሱም ሆነ ከወላጆቹ ኃጢአት የመጣ እንዳልሆነ ተገልጿል። ያም ሆኖ የወዳጆቹ መልስ በየዘመኑ ይመለሳል፤ የአስተምህሮው ታሪክም በአመዛኙ ከዚህ መልስ ጋር የተደረገ ሙግት ነው።

የጥንት አባቶች ሁለት መንገድ ጠርገዋል። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ሄሬኔዎስ፣ ሰው እንደ ሕፃን ገና ያልጠና ሆኖ ተፈጥሮ በፈተና ውስጥ እያለፈ እንደሚበስል አስተማረ። አውግስጢኖስ (354–430) በበኩሉ ክፋትን የበጎ ነገር ጉድለት እንጂ ራሱን የቻለ ፍጥረት አላደረገውም፤ ወደ ዓለም የገባውም ነጻ ፈቃድ ሲበላሽ ነው አለ። ብዙ ቆይቶ በ1710 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ላይብኒዝ ይህን የሙግት ዘርፍ “ቴዎዲሲ” ብሎ ሰየመው። በ1755 እ.ኤ.አ. በቅዱሳን ሁሉ በዓል ዕለት ሊዝበንን ያወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ ግን ይህ ዓለም ሊኖሩ ከሚችሉት ሁሉ የተሻለው ነው የሚለውን የላይብኒዝን ብሩህ ተስፋ በብዙ አውሮፓውያን ዘንድ አናጋው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነገሩ የሚጀምረው ከአዳም ነው። አዳም ከገነት ሲወጣ ከ5500 ዘመን በኋላ እንደሚድን ኪዳን ተሰጥቶታል፤ ስለዚህ ድካምና ሞት ከተስፋ ተነጥለው አይነገሩም። ሙሉ ቅጂው በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክ የክፋትን መስፋፋት ወደ ምድር ከወረዱ 200 መላእክት ጋር ያያይዘዋል። የአንድምታ መምህራን ግን እነዚህን የአዳም ልጅ የሴት ዘሮች ናቸው ብለው ይተረጉሟቸዋል፤ በዚህም ጥፋቱ ወደ ሰው ፈቃድ ይመለሳል። በክታብ ጽሑፎች ደግሞ ሕመም የአጋንንት ሥራ ነው፤ ሕፃናትን ትገድላለች የምትባለው የውርዝልያና ድል የነሣት የቅዱስ ሱስንዮስ ታሪክ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው።

የቤተ ክርስቲያኒቱ ጠንካራ መልስ ከሙግት ይልቅ በሥርዓተ አምልኮ ውስጥ ይገኛል። በሰሙነ ሕማማት ግብረ ሕማማት እየተነበበ፣ ምእመናን እየሰገዱ የክርስቶስን መከራ ያስባሉ። በሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 የሚከበረው በዓል ወደ እሳት እቶን የተጣሉት የሦስቱ ወጣቶች፣ የሠለስቱ ደቂቅ፣ መታሰቢያ ነው። ወጣቶቹ ወደ እቶኑ ከመጣል አልተረፉም፤ የዳኑት እሳቱ ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው።

በ1880ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ የደረሰው ክፉ ቀን ትምህርቱን በአገር ደረጃ ፈተነው። በምጽዋ በኩል ከገቡ ከብቶች የተዛመተው የደስታ በሽታ በሬዎችን ፈጀ፤ ረሃብ ተከተለ። ብዙዎች የእግዚአብሔር ቁጣ ነው ብለው ምህላ ያዙ። ዐፄ ምኒልክ ደግሞ በሬ ላጣው ሕዝብ አርአያ ለመሆን ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ። ምህላውና ዶማው አልተጣሉም፤ መከራን እንደ ቅጣት ማየት ከመከራ ጋር መታገልን አልከለከለም።

በደቡብ ጥያቄው ሌላ መልክ ያዘ። በ1920 ዓ.ም ወደ ወላይታና ሲዳማ መግባት የጀመሩት የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን በጣሊያን ወረራ ጊዜ ወላይታን ለቀው ሲወጡ፣ በዚያ የተጠመቁት 50 አይሞሉም ነበር። እስራትና ግርፋት ተከተለ፤ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 የሚገመቱ ምእመናን አገኙ። በኋላ ቃለ ሕይወት በተባለችው ቤተ ክርስቲያን ትዝታ ስደት እምነትን እንደሚያጠራ እሳት ተቆጠረ።

ሐዋሳ ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ፣ በ1950ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ፣ የስዊድን ፊላደልፊያ ሚስዮን በከተማዋ ያካሄዳቸው የክረምት ጉባኤዎች ለኢትዮጵያ የጴንጤቆስጤ እንቅስቃሴ አንድ ምንጭ ሆኑ። እንቅስቃሴው ደዌን በጸሎት የሚባረር ጠላት አድርጎ ያየዋል። ሆኖም ከእንቅስቃሴው የተወለደችው ሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን ምዝገባ ተከለከለች፤ ምእመናኗም በ1964 ዓ.ም በጅምላ ታሰሩ። ፈውስን የሚሰብኩት ሰዎች ተጸልዮም ለዓመታት የማይለቅ መከራ ነበረባቸው፤ ከድል ስብከታቸው ጎን ትዕግሥትን ማስተማር ግድ ሆነባቸው።

በደርግ ዘመን መከራው የሁሉም ሆነ። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም ከመንበራቸው ተነሥተው በ1971 ተገደሉ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም ታፍነው ተገደሉ። ቤተ ክርስቲያናቸው በ1964 ለውጭ አጋሮቿ በላከችው ደብዳቤ ወንጌልና ልማት፣ ነፍስና ሥጋ እንደማይነጣጠሉ አስረድታ ነበር። በዚህ አመለካከት ረሃብና ድህነት በጸጋ መቀበል ብቻ የሚገባቸው ዕጣዎች አይደሉም፤ ሰው ሊዋጋቸው ይገባል። በካቶሊክ ወገን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በየካቲት 1984 እ.ኤ.አ. ስለ ሥቃይ ትርጉም በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት መከራን ከክርስቶስ መስቀል ጋር አስተሳሰሩት፤ የደጉን ሳምራዊ ሥራም የመልሱ አካል አደረጉት። በሐዋሳ ቡሹሎ የሚገኘው የካቶሊክ ጤና ተቋም የሚሠራው በዚሁ መንፈስ ነው።

በቅርብ ዓመታት በከተሞች የተስፋፋው የብልጽግና ወንጌል በሽታንና ድህነትን የእምነት ማነስ ምልክት ያደርጋል። በአዲስ ቃል የቀረበ የኢዮብ ወዳጆች መልስ ነው፤ ከወንጌላውያን መሪዎች መካከልም ብርቱ ነቀፌታ ገጥሞታል። አብያተ ክርስቲያናቱ በነጻ ፈቃድ፣ በአጋንንት ድርሻና በፈውስ ላይ ይለያያሉ። የኢዮብ መጽሐፍና የዮሐንስ ወንጌል የጋራቸው ስለሆኑ ግን አንድ ወሰን ሁሉንም ያስራል፦ ምክንያቱ ያልታወቀ መከራ በተሠቃየው ሰው ላይ የጥፋት ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም።