ለታዛዥ መሣሪያ አስቦ ማዘዝ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



የምናገረው ስለ ኮምፒዩተር የትእዛዝ መስመር ነው። የትእዛዝ መስመር ማለት ሥዕል በመንካት ፈንታ ፈቃዳችንን በፊደል ጽፈን ለኮምፒዩተር የምናቀርብበት መስኮት ነው። ብዙ ሰው ሲያየው ያረጀና የተተወ ነገር ይመስለዋል፤ ነገር ግን ፕሮግራም የሚጽፉና ሰርቨር የሚጠብቁ ሰዎች ዛሬም ብዙውን የዕለት ሥራቸውን የሚሠሩት በዚሁ ነው።

ታሪኩን ባጭሩ ልናገር፤ የምጠራቸውም ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1969 ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ዩኒክስ የተባለውን ሲስተም መሥራት ጀመሩ። በ1973 ደግሞ በሥራ ባልደረባቸው በዳግላስ ማክልሮይ አሳብ ፓይፕ፥ ማለት ቧንቧ፥ ተጨመረበት። በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ በ21 ዓመቱ የዩኒክስን መንገድ ተከትሎ ሊኑክስን አወጣ። እኛም በኮምፒዩተር ክፍላችን የምንማረው በዚሁ በሊኑክስ ነው።

የዚህ ሲስተም ጥበብ እያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ትንሽ ሥራ ብቻ አጥብቆ ማወቁ ነው። ቧንቧው የአንዱን ውጤት ወስዶ ለሌላው ያቀብለዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው ነው። ለምሳሌ የቤተ መጻሕፍታችን የውሰት መዝገብ በአንድ ፋይል ተጽፎ፥ በየመስመሩ የአንድ መጽሐፍ ስም ቢኖር፥ ከሁሉ ይልቅ የተነበበው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሦስት ትእዛዝ ይበቃል። በመጀመሪያ ሶርት ስሞቹን በተራ ይደረድራል። ቀጥሎ ዩኒክ ሰረዝ ሲ ተመሳሳዮቹን አንድ አድርጎ ስንት ጊዜ እንደ ተጻፉ ይቈጥራል። በመጨረሻ ሶርት ሰረዝ አርኤን ከብዙ ወደ ጥቂት ያሰልፋቸዋል። ሶርት ባይቀድም ግን ቍጥሩ ይሳሳታል፤ ዩኒክ ተከታትለው የቆሙትን መስመሮች ብቻ ያስተያያልና።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ፈጣን አገልጋይ አንድ አስፈሪ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ሳይጠይቅ መታዘዙ ነው። ይህን የተማርሁት በራሴ ጥፋት ነው።

ባለፈው ዓመት ክፍላችን ለዚህ በዓል የቀድሞ ተማሪዎችን ስም ከወረቀት መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ለመገልበጥ ሦስት ሳምንት ደከመ። አንድ ምሽት ስማቸው «አሮጌ» በሚል ቃል የሚጀምሩትን ትርፍ ፋይሎች ላጠፋ ፈልጌ አርኤም የሚባለውን የማጥፊያ ትእዛዝ ጻፍሁ። ከቃሉ ጋር ተጣብቆ የኮከብ ምልክት ቢደረግ «በአሮጌ የሚጀምረውን ሁሉ» ማለት ነው። እኔ ግን ቸኵዬ በቃሉና በኮከቡ መካከል አንድ ባዶ ቦታ ተውሁ። ኮምፒዩተሩም «አሮጌ የተባለውን አጥፋ፥ ደግሞም እዚህ ያለውን ፋይል ሁሉ አጥፋ» ብሎ ተረጐመው። አልጠየቀኝም፤ አርኤም የሚያጠፋውንም ወደ ቆሻሻ መጣያ አይወስደውም። ዝርዝሩ በሙሉ ጠፋ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግሥቱ ለመምህራችን ስነግራቸው አልተቈጡኝም፤ «መሣሪያው ያዘዝኸውን አድርጓል፤ አንተስ ያዘዝኸውን አንብበኸዋል?» ብቻ አሉኝ። ዛሬ በፊቴ ከተቀመጣችሁት ወላጆች የአንዳንዶቻችሁ ስም በዚያ ዝርዝር ነበረ። የወረቀቱ መዝገብ ስለ ነበረ ብቻ ጓደኞቼ ዐሥራ አንድ ምሽት ከእኔ ጋር ተቀምጠው እንደገና ጻፉት። ዛሬ በሁሉ ፊት ይቅርታና ምስጋና አቀርብላቸዋለሁ።

እንዲህ ያለው ስሕተት የጀማሪ ብቻ አይደለም። በጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ በተባለው ድርጅት አንድ መሐንዲስ ከሁለት ሰርቨሮች አንዱን ሊያጸዳ አስቦ ትእዛዙን በሌላው ላይ ሰጠ፤ የዋናው ሰርቨር መረጃም ጠፋ። የመጠባበቂያ ቅጂ ይወስዳሉ ተብለው የታመኑት መንገዶች በተፈለጉ ጊዜ ሳይሠሩ ተገኙ። ደግነቱ ከስድስት ሰዓት ያህል አስቀድሞ የተወሰደ አንድ ቅጂ ስለ ተገኘ የቀረው የስድስት ሰዓት ያህል መረጃ ብቻ ነው። ድርጅቱም ነገሩን ሳይሸሽግ ለሕዝብ ገለጸ።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ አራት ልማድ እንድትይዙ እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፥ አርኤም ከማለታችሁ በፊት በዚያው ቃልና ምልክት ኤልኤስ በሉ። ኤልኤስ ስም ይዘረዝራል እንጂ አያጠፋም፤ የሚጠፋውን አስቀድማችሁ በዓይናችሁ ታያላችሁ። እኔም ይህን አድርጌ ቢሆን ኖሮ የፋይሉ ሁሉ ስም ወጥቶ ባስጠነቀቀኝ ነበር።

ሁለተኛ፥ የት እንዳላችሁ ጠይቁ። ፒደብልዩዲ በየትኛው ፎልደር፥ ሆስትኔም በየትኛው ማሽን ላይ እንደ ቆማችሁ ይነግራችኋል።

ሦስተኛ፥ የማታውቁትን ትእዛዝ ከሰው ገልብጣችሁ አትስጡ። ማን ብላችሁ የትእዛዙን ስም አስከትሉ፤ መመሪያው ይወጣላችኋል።

አራተኛ፥ ሥራችሁን በሌላ ቦታ ቅጂ አስቀምጡ፤ ቅጂውንም አልፎ አልፎ መልሳችሁ ሞክሩት። ተመልሶ ያልተፈተነ ቅጂ ተስፋ ነው እንጂ ዋስትና አይደለም።

አባቶቻችን የእጅ ወለምታ በቅቤ ይታሻል፥ የአፍ ወለምታ ግን አይታሽም ይላሉ። በትእዛዝ መስመር ፊት የተቀመጠ ሰው እጁ አፉ ሆኗል፤ የጻፈው እንደ ተናገረው ነው። ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን ነገ የብዙ ሰው መረጃ በእጃችን አደራ ሲሰጠን፥ ከመፍጠን ይልቅ ኢንተርን ከመጫን በፊት የጻፍነውን አንድ ጊዜ ማንበብ ያስመሰግነናል።