ዚንክና የአባቶቻችን ጤና፤ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተደረገ ንግግር



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ነቀርሳ በሽታ መናገር ለአንዳንዶች የማይገባ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ትምህርት ቤት የሚከበረው ትምህርቱ ለአገር ሰው ሲጠቅም ነውና፣ ዚንክ የተባለው ማዕድን ከወንዶች የፕሮስቴት ነቀርሳ ጋር ያለውን ግንኙነት በአጭሩ ልንገልጽላችሁ እንወዳለን። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

ዚንክን ሁላችንም በየቤታችን ጣራ ላይ እናውቀዋለን። ቆርቆሮ ብረት ሆኖ ሳለ ዝናብ እየወረደበት ቶሎ የማይዝገው በዚንክ ስለ ተለበጠ ነው። በሰው አካል ውስጥ ደግሞ ዚንክ ለልጆች እድገት፣ ለቁስል መዳንና በሽታን ለመከላከል ያስፈልጋል። ለአንድ ጎልማሳ ወንድ በቀን 11 ሚሊግራም ያህል ይበቃዋል።

ፕሮስቴት ከወንዶች የሽንት ፊኛ በታች የምትገኝ ትንሽ ዕጢ ናት። በ1952 ማውሰንና ፊሸር የተባሉ ተመራማሪዎች በዚህች ዕጢ ውስጥ ብዙ ዚንክ እንደሚገኝ ጻፉ። ከዚያም በኋላ ኮስቴሎና ፍራንክሊን የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት ሥራውን መርምረው እንደሚከተለው አስረዱ። ጤነኛው የፕሮስቴት ሕዋስ ዚንክን ያከማቻል፤ ዚንኩም ሲትሬት የተባለው ንጥረ ነገር በሕዋሱ ውስጥ እንዳይቃጠል ያግዳል፤ ሲትሬቱም ዕጢዋ ወደምታመነጨው ፈሳሽ ይገባል። ሕዋሱ ወደ ነቀርሳ ሲለወጥ ግን ዚንክ የሚገባበት በር ይዘጋል፤ ዚንኩ ይጎድላል፤ ተቆጥቦ የነበረውም ሲትሬት ለነቀርሳው ማገዶ ይሆናል።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያስ የጎደለውን በክኒን ብንሞላውስ?» ይል ይሆናል። አሳቡ መልካም ይመስላል፤ ዳሩ ግን በሩ ለተዘጋ ቤት እህል በደጁ ቢከመር ምን ይጠቅማል? በ2003 በታተመ ጥናት 46,974 አሜሪካውያን ወንዶች ለ14 ዓመት ያህል ተከታትለው ታዩ። በክኒን መልክ በየቀኑ ከ100 ሚሊግራም በላይ ዚንክ ይወስዱ በነበሩት ላይ የተስፋፋ የፕሮስቴት ነቀርሳ ከማይወስዱት ይልቅ ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ይህ ብቻውን ክኒኑ በሽታውን አመጣ አያሰኝም፤ ሆኖም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ክኒን ከመዋጥ እንድንጠነቀቅ ያስተምረናል።

እንዲህ ስንል ዚንክን መናቃችን አይደለም። በ2008 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በጎረቤታችን በሲዳማ ገጠር ነፍሰ ጡር እናቶች ከምግባቸው የሚያገኙት ዚንክ በቂ አልነበረም። መፍትሔው በመጀመሪያ ከማእዳችን ይፈለግ። ሥጋ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራና የዱባ ፍሬ ዚንክ አላቸው። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፋይቴት ዚንኩን አስሮ ይይዘዋል፤ ማቡካትና ማብቀል ግን ፋይቴቱን ይቀንሱታል። ስለዚህ እናቶቻችን ሊጡን ሲያቦኩ ከጣዕሙ ሌላ ለጤናም እየሠሩ ነው።

ከሁሉ ይልቅ አደራ የምንለው ግን ስለ አባቶቻችን ነው። በአገራችን ብዙ ሕሙማን ሐኪም ቤት የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። ነቀርሳው በመጀመሪያ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም። ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ መነሣት፣ የሽንት መቅጠን፣ ደም መታየት፣ የወገብ አጥንት ሕመም ሲኖር «እርጅና ነው» ብሎ በኀፍረት ዝም ማለት አይገባም። ከሽንት ጋር የተያያዘው ምልክት ነቀርሳ ባልሆነ የዕጢ ማበጥም ሊመጣ ይችላል፤ የሚለየው ግን ሐኪም ነው እንጂ ጎረቤት አይደለም። ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆነ፣ ይልቁንም አባታቸው ወይም ወንድማቸው በዚህ የታመመ፣ ስለ ደም ምርመራው ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

እኛ ልጆች ስለዚህ ነገር አባቶቻችንን ለመጠየቅ እናፍራለን፤ እነርሱም ለእኛ ለመንገር ያፍራሉ። በሁለት ኀፍረት መካከል ግን በሽታው አያፍርም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ በአባያ ዳርም ሆነ በጋሞ ደጋ፣ ይህን ነገር በአክብሮት እንንገራቸው።

ለአባቶቻችን ዕድሜና ጤና እንመኛለን።