«አትንካ» ከማለታችን በፊት

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም። ምስጋና ለአላህ ይሁን፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ይሁን።

ዛሬ የምንነጋገረው ሕፃናትን ይዞ ሙዚየም ስለመጎብኘት ነው። «ይህ ደግሞ ከዲን ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። ልጅ አማና ነው። አማናውን የምንወጣው በማብላትና በማልበስ ብቻ ሳይሆን ጥያቄውን በመስማትም ጭምር ነው።

በጥር ወር የትምህርት ዕረፍት የመድረሳችንን ትንንሽ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ይዘን ቦንጋ ወደሚገኘው ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ሄድን። ቡና ከአገራችን ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን እንደገባ፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዮች ለሌሊት ዒባዳ ለመንቃት ይጠጡት እንደነበር፣ ከዚያም በሞካ ወደብ በኩል ወደ ሌላው ዓለም እንደተዳረሰ ነገርናቸው። ትልልቆቹ አዳመጡ። የትንንሾቹ እጅ ግን አላርፍ አለ። እኛም «አትንካ! ተዪ! እጅህን ሰብስብ!» ስንል አረፈድን። አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ጀበና ትኩር ብሎ አየና «ይሄ ጀበና ማንን ያጠጣል?» ሲል ጠየቀን። ዙህር እንዳይደርስብን ቸኩለን ነበርና «ዝም ብለህ እይ» አልነው። ልጁ አለቀሰ።

ማታ የአነስ ታናሽ ወንድም የአቡ ዑመይር ነገር ትዝ አለን። የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ሞታበት ሲያዝን፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ወፏ እየጠየቁ ያጫውቱት እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። እርሳቸው የኡማውን ሸክም ተሸክመው ለሕፃን ወፍ ጊዜ ነበራቸው። እኛ ለአንድ ጀበና ጊዜ አጣን።

ሕፃን ነገርን የሚያውቀው በእጁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 በኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ለልጆች ተብሎ የተዘጋጀ ሙዚየም ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ልጆች እየነኩና እየሞከሩ የሚማሩባቸው ሙዚየሞች በብዙ አገሮች ተስፋፍተዋል። በአገራችንም አዲስ አበባ ላይ በ2015 ዓ.ም. የሳይንስ ሙዚየም ተከፍቷል። ለካፋ ልጅ አዲስ አበባ ሩቅ ነው። ነገር ግን በእጅ የሚነካው ነገር ከደጃችን አለ።

በሳምንቱ ልጆቹን ወደ አንዲት አዛውንት እናታችን ቤት ወሰድናቸው። ደጃቸው ላይ ጀንፈል ቡና ተሰጥቶ ነበር። ልጆቹ ገለባውን ፈልፍለው ሁለት ፍሬ ፊት ለፊት ተጣብቆ ሲያገኙ ጮኹ። ለቀሙ፣ አጠቡ። እናታችን ሲቆሉ ከእሳቱ ራቅ ብለው ሽታውን አሸተቱ፤ በሙቀጫም ተራ በተራ ወቀጡ። ያ ልጅ ጥያቄውን ደገመው። እርሳቸውም «የመጣውን ሁሉ ነው የሚያጠጣው ልጄ። ጎረቤት ካልተጠራበት ሸክላ ነው» አሉት። እኛ መጽሐፍ ያነበብነው ያልመለስነውን፣ እርሳቸው በአንድ አፍ መለሱት።

ወላጆች ሆይ! ሙዚየም ከመሄዳችሁ በፊት የምታዩትን ነገር በቤታችሁ ልጆቹ በእጃቸው ይያዙት። ሲርባቸውና እንቅልፋቸው ሲመጣ አትውሰዷቸው። ሰፊ ጊዜ ባለበት፣ ሶላት በማያጣድፍበት ሰዓት ሂዱ። ሁሉንም ካላየን አትበሉ፤ ሁለት ሦስት ነገር በደንብ ማየት ይበቃል። የሚነካና የማይነካውን አስቀድማችሁ አስጎብኚውን ጠይቁ። የማይነካ ከሆነም ምክንያቱን ንገሯቸው፤ ዕቃው የሕዝብ አማና ነው፣ ነገ የሚመጣ ልጅም ሊያየው ይገባል። እጅን መሰብሰብም አደብ ነው፤ ምክንያቱ የተነገረው ልጅ ግን ያለ ጩኸት ይሰበስባል።

የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። በዛፎቹ ጥላ ሥር የዱር ቡና ይበቅላል። ቀዩን እሸት ቡና በእጁ የያዘ ልጅ፣ ነገ ያንን ጥላ ከመጥረቢያ ይጠብቃል ብለን እንመኛለን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንን ልጅ ከታናሽ እኅቱ ጋር መልሰን ወደ ሙዚየሙ ወሰድነው። እጁን ወደ ኋላው አጣምሮ ጀበናው ፊት ቆመና «ይሄ የመጣውን ሁሉ ነው የሚያጠጣው» አላት። በዚያ ቀን ማንንም «አትንካ» አላልንም።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን ሷሊሕ ያድርግልን፤ ለጥያቄያቸውም ጆሮና ትዕግሥት ይስጠን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።