የአዮዋ ገበሬ ልጅ ትምህርት ቤት ስትውል
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የተደረገ ንግግር)



ስለ አሜሪካ ሲወራ ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ኒው ዮርክና ፎቁ ነው። ዛሬ ማታ ግን ከዚያ አርቄ በአገሩ መካከል ወዳለው ወደ አዮዋ ክፍለ ግዛት ልወስዳችሁ አስቤአለሁ። አዮዋ በቆሎ፤ አኩሪ አተርና አሳማ የሚበዛበት የገበሬ አገር ነው። የምናገረው በዚያ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ትኖር ስለ ነበረች አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ብዙዎቹን ስለምትመስል ስም አልሰጣትም። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር፤ ሰዓቱን በእኛው እጠራለሁ።

ልጅቱ ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትነሣለች። በእኛ ታኅሣሥና ጥር ብርዱ እጅግ ስለሚበረታ በከብቶቹ ገንዳ ያለው ውሀ ይጠጥራል፤ እርሱን ሰብራ ታጠጣለች፤ ለአሳማዎቹ መኖ ትሰጣለች፤ ላሞቹንም በማለቢያው መኪና ታልባለች። መኪናው የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። መንግሥት በ1935 የገጠር መብራት መሥሪያ ቤት ሲያቋቁም ከአሜሪካ የእርሻ ቤቶች መብራት የነበራቸው ከዐሥር አንዱ ያህል ብቻ ነበሩ። የልጅቱ እናት በእጅዋ አልባ፤ በኩራዝ አጥንታ ነው ያደገችው። ሥራው ሲያልቅ ልጅቱ እጅዋን በሳሙና ፈትጋ ልብሷን ትለውጣለች፤ የከተማ ልጆች የበረት ሽታ አሽትተው እንዳይሥቁባት ትሠጋለችና።

ከዚያ ቢጫው አውቶቡስ ይመጣል። ቢጫ የሆነው በዘፈቀደ አይደለም። በ1939 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ፍራንክ ሳይር ስብሰባ ጠርተው በማለዳ ጭለማ ከሩቅ የሚታየው ቀለም ይህ ነው ተብሎ ተወሰነ። ሳይር ራሳቸው የነብራስካ ገጠር ልጅ ነበሩ። አውቶቡሱን ያበዛው ደግሞ የትናንሾቹ ትምህርት ቤቶች መዘጋት ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአዮዋ ከ4,000 በላይ የትምህርት ወረዳዎች ነበሩ፤ ከትምህርት ቤቶቻቸውም ብዙዎቹ አንድ ክፍልና አንዲት አስተማሪ ብቻ ነበራቸው። ወረዳዎቹ እየተዋሐዱ ሄደው ዛሬ ከ330 ያንሳሉ። ልጅቱ በዚህ ላቦራቶሪና ቤተ መጻሕፍት አገኘች። በምትኩ መንገዱ ረዘመባት፤ ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት መንደርም ሰው የሚሰበሰብበትን ቦታ አጣ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በክፍለ ጊዜው ደወል ወንዶቹ ወደ እርሻ ትምህርት፤ ሴቶቹ ወደ ባልትና ትምህርት ክፍል ይሄዳሉ። ስሚዝ ሂዩዝ በሚባለው ሕግ መሠረት ማዕከላዊው መንግሥት ከ1917 ጀምሮ ለሁለቱም ገንዘብ ይሰጥ ነበር። ወንዶቹ ስለ አፈር፤ ስለ ዘር፤ ስለ ከብት ርቢ ይማራሉ። እርስዋ ቀሚስ ትሰፋለች፤ ኬክ ትጋግራለች። ባልትናን የምንቅ አይምሰላችሁ። ነገር ግን በማለዳ ላም አልባ የመጣችው እርስዋ ናት፤ ማታ ትራክተር የምትነዳውም እርስዋው ናት! ከወንዶቹ መካከል አባቱ ከተማ መድኃኒት ቤት ያለው፤ ጊደርን ከወይፈን የማይለይ ሊኖር ይችላል። የእርሻው ክፍል በር ለእርሱ ክፍት ነው።

በ1928 በካንሳስ ሲቲ የተቋቋመው የወደፊቱ የአሜሪካ ገበሬዎች ማኅበርም በ1930 አባልነቱን ለወንዶች ብቻ አደረገው። ወንድምዋ የማኅበሩን ሰማያዊ ጃኬት ለብሶ ይኮራል፤ ክንዱ ሲቀደድ የምትጥፍለት እርስዋ ናት። ነገሩ የጃኬት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የእርሻው ክፍል የሚያሠለጥነው የእርሻውን ወራሽ ነው። በሕግ ሴት ልጅም ትወርሳለች፤ በልማድ ግን መሬቱን ይዞ የሚያርሰው ወንዱ ነበር፤ ሴቲቱ የሌላ ገበሬ ሚስት ትሆናለች ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ሥራውን ሁሉ የምታውቅ ልጅ በዕውቀትዋ የምትጠየቅበት ክፍል አልነበራትም።

ጥቂት ቀዳዳ የከፈተላት ፎር ኤች የሚባለው የወጣቶች ክበብ ነው። በዚያው በአዮዋ ጄሲ ፊልድ የተባሉ አስተማሪ በ1901 ለወንዶች የበቆሎ፤ ለሴቶች የቤት ሥራ ክበብ ካቋቋሙት ወዲህ እንቅስቃሴው በአገሩ ሁሉ ተስፋፋ። እንደምታዩት ክፍፍሉ ከመጀመሪያው ነበረ። ሆኖም አንዳንዷ ልጅ ጥጃ ወስዳ ታሳድጋለች፤ የበላውን መኖና ያወጣችውን ገንዘብ በመዝገብ ትጽፋለች፤ በነሐሴ ወደ ትርዒቱ ወስዳ በዳኞች ፊት በገመድ እየመራች ታሳየዋለች። ውድድሩ ሲያልቅ ጥጃው ለሥጋ ይሸጣል። ዓመት ሙሉ ስም አውጥታ ያሳደገችው ነውና አንገቱን አቅፋ ታለቅሳለች። ገንዘቡ ግን ለኮሌጅ ይቀመጣል።

በበጋ ሌላ ገቢ አለ። ለዘር በሚዘራ በቆሎ ማሳ ላይ የአንዳንዱ ረድፍ ጫፍ አበባ በእጅ ይነቀላል፤ በአጠገቡ ካለው ረድፍ ብቻ እንዲዳቀል ነው። ለዚህ የሚቀጠሩት ከዐሥራ አራት ዓመት ጀምሮ ያሉ ተማሪዎች ናቸው። ጧት በጤዛ መበስበስ፤ ቀትር ላይ በፀሐይ መንደድ፤ የበቆሎው ቅጠልም ክንድ ይሸረክታል። እዚህ ላይ ሴት ነሽ ብሎ የሚመልሳት አልነበረም።

አንድ ቦታ ግን ልጅቱ ንግሥት ነበረች፤ እርሱም የቅርጫት ኳስ ሜዳ ነው። በሌላው አሜሪካ ለሴት አይስማማም በተባለ ጊዜ የአዮዋ ትናንሽ ከተሞች እምቢ ብለው በ1920ዎቹ ለሴቶች ብቻ የሚሆን የስፖርት ማኅበር አቋቋሙ። አንዱ ቡድን ስድስት ልጆች አሉት፤ ሦስቱ ያገባሉ፤ ሦስቱ ይከላከላሉ፤ የመካከሉን መሥመር ማለፍ አይፈቀድም፤ ኳስ ከሁለት ጊዜ በላይ ማንጠር አይቻልም። ደንቡ የወጣው ሴት ትደክማለች በሚል ግምት ነው። ጠዋት ድርቆሽ ስትሸከም ማንም ይህን አላሰበላትም! በ1968 በዴ ሞይን በተደረገው የፍጻሜ ግጥሚያ ዩኒየን ዊተን ኤቨርሊን 113 ለ 107 ሲያሸንፍ ዴኒስ ሎንግ ብቻዋን 64፤ የኤቨርሊዋ ጃኔት ኦልሰን 76 ነጥብ አግብተዋል። በጨዋታው ማታ መንደሩ ባዶ ይቀራል፤ ሽማግሌው ሳይቀር ስለ ሴት ልጆች ግብ ይከራከራል። ያ አሮጌ ደንብ በአዮዋ የቀረው በ1993 ነው።

የእርሻው ማኅበር በሩን ለሴቶች የከፈተው በ1969 ነው። በመንግሥት ገንዘብ በሚረዳ ትምህርት ቤት በጾታ መለየት የተከለከለው በ1972 ሲሆን በ1982 ጃን ኤበርሊ የተባለች የካሊፎርኒያ ልጅ የማኅበሩ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነች። በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ ግን ዕዳ ብዙ የመካከለኛው ምዕራብ ገበሬዎችን ከመሬታቸው ነቀለ፤ ክፍሉ ሲከፈትላት እርሻው የተሸጠባት ልጅ ጥቂት አይደለችም። በ2022 በተደረገው የእርሻ ቆጠራ ከአሜሪካ አምራቾች ከመቶ 36ቱ ሴቶች ሆነው ተገኝተዋል። ከእነርሱ ስንቶቹ በጉርምስናቸው ኬክ ሲጋግሩ በመስኮት የወንዶቹን ክፍል ያዩ እንደ ነበር ቆጠራው አይጠይቅም።

ሊቀ መንበሩ ሰዓታቸውን እያዩብኝ ነው፤ የቀረውን ጊዜ ለጥያቄአችሁ ልተወው።